የሚዲያ ውሕደትን ማን ያስቆመዋል? ከሰኞ ገበያ ወፍጮ እስከ ዋሽንግተን

ኅዳር ማለቂያ ላይ ነበር። የጦሳ ብርድ ደሴን ጠፍሮ ይዟታል። ጎረቤቴ እማማ ቤት ቡና ተፈልቶ አቦሉ ወርዷል። እኔ ጋቢዬን እስከ ጆሮዬ ስቤ ተቀምጫለሁ። የእህቴ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ኔትፍሊክስ ዋርነር ብራዘርስን ሊገዛ ነው። ሴናተሮች ሳይቀሩ ይቁም እያሉ ነው። ማስቆም ይችላሉ?»

«ማን ነው ማንን የሚገዛው?» አሉ እማማ ስኒውን እያቀረቡ።

«የልጅ ልጅዎ ሲያየው የሚውለው የድመትና የአይጥ ካርቱን አለ አይደል? የሱን ባለቤት።»

«እሰይ! ገዝተው ይዝጉልኝ» አሉ። ሳቅን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዲሴምበር 2025 መጀመሪያ ኔትፍሊክስ የዋርነርን የፊልም ስቱዲዮና ኤችቢኦ የሚባለውን የቴሌቪዥን አገልግሎት በ72 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ ተስማማ። ዕዳው ሲደመር 82.7 ቢሊዮን ነው። ሦስት ቀን እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ፓራማውንት የሚባለው ሌላ የፊልምና የቴሌቪዥን ኩባንያ ከጎን ገባ። «እኔ ሲኤንኤንን ጨምሬ ሁሉንም እገዛለሁ፤ በአንድ አክሲዮን 30 ዶላር ጥሬ ገንዘብ» ብሎ ቀጥታ ባለአክሲዮኖቹ ዘንድ ሄደ። የባቲ በሬ ገበያ ላይ ደላላ በደላላ ላይ ሲገባ አይታችሁ ከሆነ ትዕይንቱ ያው ነው።

ልጁ የጠየቀኝ ግን ስለ ዋጋው አልነበረም። ተራው ሰውና የሕዝብ ተወካይ እንዲህ ያለውን ነገር ማስቆም ይችላሉ ወይ ነው ጥያቄው። አጭሩ መልስ፦ በቀጥታ አይችሉም። የሚያስቆመው ዳኛ ነው። ወይም ደግሞ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ሰልችቷቸው ይተዉታል። ሕዝብና ተወካዮቹ እጅ ላይ ያለው ሌላ ነገር ነው፦ ማስረጃ ማቀበልና ጊዜ ማስረዘም። ሁለቱ ተራ ነገር ይመስላሉ። አይደሉም። (ከዚህ በታች የውጭ ታሪኮቹ ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ወደ አገራችን ሕግ ስመጣ በኛ እቆጥራለሁ።)

መጀመሪያ ወፍጮው

ከሰኞ ገበያ ወረድ ብሎ በኛ ሠፈር ሁለት ወፍጮ ቤት አለ። የላዩና የታቹ እንላቸዋለን። የላዩ ወረፋ ሲበዛ ሰው እህሉን ተሸክሞ ወደ ታቹ ይወርዳል። የታቹ ዱቄት ሻካራ ሲሆንበት ደግሞ ወደ ላዩ ይመለሳል። ባለቤቶቹ እንዋደዳለን ቢሉም አንዱ ሌላውን ይፈራዋል። የላዩ በኪሎ ሃምሳ ሳንቲም ልጨምር ብሎ ሲያስብ የታቹ ትዝ ይለዋል። ያቺ ፍርሃት ናት ለኛ የምትጠቅመን። የኢኮኖሚ ሰዎች ውድድር የሚሏት እሷን ነው።

ሰሞኑን የላዩ ባለቤት የታቹን ሊገዛው ነው የሚል ወሬ አለ። ሻጩ ንብረቱን ነው የሚሸጠው። ገዢው በገንዘቡ ነው የሚገዛው። ታዲያ እኛ ምን አገባን? የውድድር ሕግ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሕጉ «ትልቅ አትሁን» አይልም። ጎበዝ ሆነህ፣ ዱቄትህ ልሞ ሰው ሁሉ ወዳንተ ቢመጣ ማንም አይነካህም። «ተፎካካሪህን ገዝተህ ያቺን ፍርሃት አታጥፋ» ነው የሚልህ።

አሜሪካኖች ይህን በ1914 በወጣው የክሌይተን ሕግ ጽፈውታል። አንቀጽ 7 ውድድርን በእጅጉ ሊያዳክም የሚችል ግዢን ይከለክላል። «ሊያዳክም የሚችል» የምትለዋን ያዙልኝ። ጉዳቱ እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም ማለት ነው። በ1976 ደግሞ ትልልቅ ግዢዎች አስቀድመው ለመንግሥት እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ሕግ ተጨመረ። ካሳወቁ በኋላ በጥቅሉ 30 ቀን መጠበቅ አለባቸው። መንግሥት ካልጠገበ ተጨማሪ ሰነድ ይጠይቃል። ሰነዱ ተሟልቶ እስኪቀርብ ሰዓቱ አይቆጥርም። ወራት የሚበሉት እዚህ ነው።

ጉዳዩን የሚያዩት ሁለት መሥሪያ ቤቶች ናቸው፦ የፍትሕ ሚኒስቴሩና የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። እነዚህ መሥሪያ ቤቶች «አይሆንም» ስላሉ ብቻ ውሕደት አይቆምም። ፍርድ ቤት ሄደው ዳኛ ማሳመን አለባቸው። ማስረዳት የነሱ ሸክም ነው። ኩባንያዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው «እስኪ አስረዳ» ማለት ይችላሉ።

አየሩ የሕዝብ ሲሆን

ሸክሙ የሚገለበጥበት አንድ ቦታ አለ። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጣቢያ በአየር ሞገድ የሚያስተላልፍ ከሆነ ሞገዱ የሕዝብ ንብረት ነው። ጣቢያው ፈቃድ ብቻ ነው ያለው። ፈቃዱ ወደ ሌላ እጅ ሲዞር የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽኑ መፍቀድ አለበት። እዚያ ዝውውሩ ለሕዝብ የሚበጅ መሆኑን የሚያስረዱት ኩባንያዎቹ ናቸው። ተራ አድማጭና ተመልካችም «ይህ ፈቃድ አይሰጥ» ብሎ በጽሑፍ መቃወም ይችላል።

ይህ መብት ከሰማይ አልወረደም። ታሪኩን ወድጄዋለሁና ትንሽ ልቆይበት።

ሚሲሲፒ ውስጥ ጃክሰን የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ደብልዩ ኤል ቢ ቲ የሚባል የቴሌቪዥን ጣቢያ ነበር። በአካባቢው ብዙ ጥቁር ሕዝብ ይኖራል። ጣቢያው ግን የጥቁሮችን የመብት ትግል ማሳየት አይፈልግም። በ1955 ጥቁሩ ጠበቃ ቱርጉድ ማርሻል ከማዕከል በሚተላለፍ ፕሮግራም ላይ ሲቀርብ፣ ጣቢያው ሥርጭቱን ቆርጦ «ይቅርታ፣ የኬብል ብልሽት» የሚል ጽሑፍ ለጠፈበት። መብራት ጠፋ ብሎ እንደመሸወድ ያለ ነገር ነው።

ኤቨረት ፓርከር የሚባል የአንድ ቤተ ክርስቲያን የመገናኛ ኃላፊ ይህን ሰማ። ሰልፍ አልጠራም። ጣቢያውንም አልረገመም። በ1964 የአካባቢውን ሰዎች አደራጅቶ አሠለጠነና ቴሌቪዥን ፊት አስቀመጣቸው። ጣቢያው ምን አሳየ፣ ማንን አቀረበ፣ ጥቁር ሰው ስንት ደቂቃ ታየ፣ እየተባለ ሁሉም ተመዘገበ። ያንን መዝገብ ይዞ የጣቢያው ፈቃድ እንዳይታደስ ለኮሚሽኑ አመለከተ።

የኮሚሽኑ መልስ «እናንተ ምን አገባችሁ?» ዓይነት ነበር። መቃወም የሚችለው ገበያው የሚጎዳበት ወይም ሞገዱ የሚረበሽበት ሌላ ጣቢያ ብቻ ነው ተባሉ። ተመልካች ባለጉዳይ አይደለም። ፓርከር ይግባኝ አለ። በ1966 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ተመልካች ባለጉዳይ ነው ብሎ ወሰነ። ውሳኔውን የጻፈው ዳኛ ዋረን በርገር ነው። ኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት የሆነው ሰው። በ1969 ያው ፍርድ ቤት የጣቢያውን ፈቃድ አነሣው።

ልብ በሉ። ያሸነፈው ቁጣ አይደለም። ደብተር ነው።

የዚህ በር ጉልበት በ2018 በደንብ ታይቷል። ሲንክሌር የሚባል የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ባለቤት ትሪቢዩን የሚባለውን ሌላ ባለቤት በ3.9 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ ነበር። ቢዋሐዱ 72 በመቶ የአሜሪካ ቤተሰብ ቤት ይደርሳሉ። ያኔ የኮሚሽኑ ሊቀመንበር የነበረው አጂት ፓይ ለንግዱ ዓለም ደንብ የሚያላላ ሰው ነው፤ ሰው ሁሉ ውሉ ያልፋል ብሎ ጠብቆ ነበር። ተቃዋሚዎች ግን ሰነዱን በጥፍራቸው ሲጭሩ አንድ ነገር አገኙ። ሲንክሌር በሕግ ከተፈቀደው የጣቢያ ባለቤትነት ገደብ ላለማለፍ የቺካጎውን ትልቅ ጣቢያ በ60 ሚሊዮን ዶላር እሸጣለሁ ብሏል። ገዢው ማነው? መኪና ሻጭ። በዚያ ላይ ከሲንክሌር ሊቀመንበር ጋር በንግድ የሚተዋወቅ። ጣቢያውንም የሚያስተዳድረው ሲንክሌር ራሱ ነው! ኮሚሽኑ በሙሉ ድምፅ ጉዳዩን ወደ አስተዳደር ዳኛ መራው። ማንም «ከለከልኩ» አላለም። ችሎት ማለት ግን ወራት ነው፤ ትሪቢዩን መጠበቁን አልፈለገም። በኦገስት 2018 ውሉን ቀደደው።

የእህቴ ልጅ እዚህ ላይ ደስ አለው። «ስለዚህ ኔትፍሊክስንም በዚሁ በር…» አለ።

አይ። እዚህ በር ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ኮሚሽኑ የሚጠብቀው አየሩን ነው። ዋርነር በአየር የሚያሠራጭ ጣቢያ የለውም፤ ያለው የኬብል ቻናልና በኢንተርኔት የሚታይ አገልግሎት ነው። ለነሱ የሞገድ ፈቃድ አያስፈልግም። ፈቃድ ከሌለ የሚዛወር ፈቃድም የለም። የሚቀረው የፍትሕ ሚኒስቴሩና የፍርድ ቤቱ መንገድ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ አንበሳው በማያልፍበት ደጅ የተዘረጋ ድር ግን ያው የሸረሪት ቤት ነው።

የምክር ቤት ሰውስ?

የአሜሪካ ኮንግረስ «ይህ ኩባንያ ያንን አይግዛ» ብሎ ድምፅ ሰጥቶ ነገሩን የሚጨርስበት ሥርዓት የለውም። ያለው ሌላ ነው። የኩባንያ አለቆችን ጠርቶ በካሜራ ፊት ያፋጥጣል። ለተቆጣጣሪዎቹ ደብዳቤ ይጽፋል። በጀታቸውን ይይዛል። ሕጉን ይለውጣል። ከነዚህ ውስጥ ጥርስ ያለው የመጨረሻው ነው፤ እሱም ለነገው እንጂ ለዛሬው ውል ብዙ ጊዜ አይደርስም።

አንዳንዴ ግን ይደርሳል። በጁን 2003 የኮሙኒኬሽን ኮሚሽኑ 3 ለ 2 በሆነ ድምፅ የሚዲያ ባለቤትነት ደንቡን አላላ። አንድ ባለቤት በጣቢያዎቹ ሊደርስ የሚችለው ቤተሰብ ከ35 በመቶ ወደ 45 ከፍ አለ። ማንም ትኩረት የሚሰጠው አልመሰለም ነበር። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ተቃውሞውን ለኮሚሽኑና ለኮንግረስ ጻፈ። የሚገርመው የተቃዋሚዎቹ ጥርቅም ነው። የጠመንጃ ባለቤቶች ማኅበርና የሴቶች መብት ድርጅት በአንድ ጎራ ቆሙ። በሌላ ጉዳይ ቢገናኙ ውሃ አይቀዱም።

ሴኔቱ በሴፕቴምበር 55 ለ 40 ደንቡ ይሻር አለ። ተወካዮች ምክር ቤቱ ግን አልነካውም። ፕሬዚዳንት ቡሽም ውድቅ አደርገዋለሁ የሚል ማስጠንቀቂያ ይዞ ተቀምጧል። ስለዚህ ያ ድምፅ በሕግ ረገድ ባዶ ነበር። ደንቡን በትክክል ያቆመው ሌላ ሰው ነው። ፕሮሜቴየስ ሬዲዮ ፕሮጀክት የሚባል በፊላደልፊያ ያለ ትንሽ ቡድን ነው። ያለፈቃድ ሬዲዮ ሲያሠራጩ የነበሩ ልጆች ያቋቋሙት። ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ደንቡ ሥራ ላይ ሊውል አንድ ቀን ሲቀረው እግድ አወጡበት። ሴኔቱ ድምፅ የሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።

መጨረሻው ደግሞ ወሎዬ ሽማግሌ የገባበት ዓይነት ነው። በጃንዋሪ 2004 ኮንግረስ በበጀት ሕግ ውስጥ ሸጉጦ ገደቡን 39 በመቶ አደረገው። ለምን 39? ያኔ ሲቢኤስ የሚባለው የቴሌቪዥን ድርጅት ባለቤት የነበረው ቫያኮም ወደ 39 ደርሶ ስለነበር አንድም ጣቢያ እንዳይሸጥ። እንግዲህ ሕዝብ አሸነፈ በሉ፣ ኩባንያ አሸነፈ በሉ፣ እንደየዓይናችሁ። ስለሌሎቹ ደንቦች ክርክሩ ቀጥሎ በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ለኮሚሽኑ ፈረደ። ግን ቁጠሩት። 17 ዓመት ከምናምን ዘግይቷል።

ምክር ቤት በእውነት ውሕደት የገደለበትን ቀን ካላችሁኝ እንግሊዝን እጠራለሁ። የሩፐርት መርዶክ ኒውስ ኮርፕ ቢስካይቢ የሚባለውን የሳተላይት ቴሌቪዥን 39 በመቶ ያህል ይዞ ነበር፤ በ2010 የቀረውንም ልግዛ አለ። ሚኒስትሩ ሊፈቅድ ጫፍ ደርሶ ነበር። በመሐል ሕዝቡ አስተያየት እንዲሰጥ ተጠየቀና ከ150,000 በላይ ደብዳቤ ጎረፈ። ይህን ሁሉ ማንበብ ጊዜ ይወስዳል ተባለ። ብዙው ደብዳቤ አንድ ዓይነት ነበር፤ ቢሆንም መነበብ አለበት። በዚያው ሰሞን፣ በጁላይ 4፣ 2011፣ የመርዶክ ጋዜጣ ሰዎች የአንዲት የተገደለች ታዳጊ ስልክ ጠልፈው መልእክቷን ያዳምጡ እንደነበር ታወቀ። አገር ተንቀጠቀጠ። የፓርላማው ትልልቅ ፓርቲዎች ሁሉ «ግዢውን ተው» የሚል የውሳኔ ሐሳብ ላይ ድምፅ ሊሰጡ ለጁላይ 13 ቀጠሩ። ድምፁ በሕግ አያስገድድም። መርዶክ ግን ድምፁ ሊሰጥ ሰዓታት ሲቀሩት ግዢውን አነሣ።

ደብዳቤዎቹ ግዢውን አልከለከሉም። ፈቃዱ ግን ጉዱ ከመውጣቱ በፊት እንዳያልቅ ጊዜ በልተዋል። እኔ ይህን ታሪክ የማነሣው ለዚህ ነው።

ፖለቲከኛ ሲገባ የሚበላሸው

ተቃራኒውንም ልንገራችሁ። ኤቲኤንድቲ የሚባለው የስልክ ኩባንያ ታይም ዋርነርን በ85 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ በኦክቶበር 2016 ተስማማ። ያኔ እጩ የነበረው ዶናልድ ትራምፕ ወዲያው «እኔ ከተመረጥኩ አላጸድቀውም» አለ። የታይም ዋርነር ንብረት በሆነው በሲኤንኤን እንደተናደደ ሁሉም ያውቃል። ተመረጠ። የፍትሕ ሚኒስቴሩ በኖቬምበር 2017 ከሰሰ። ኩባንያው «ይህ ክስ ቂም ነው» የሚል መከራከሪያ በነፃ አገኘ። ዳኛው ሪቻርድ ሊዮን ወደዚያ ክርክር እንዲገቡ ባይፈቅዱም፣ ጥርጣሬው ከክሱ ጋር ተጣብቆ ቀረ።

ክሱ የወደቀው ግን በማስረጃ ነው። መንግሥት በባለሙያ ስሌት ላይ ቆመ። ቻናሎቹ ከተፎካካሪዎች ቢቋረጡ ስንት ደንበኛ ይሸሻል፣ ዋጋው በወር ስንት ሳንቲም ይጨምራል የሚል ሞዴል። ዳኛው አላመኑትም። በጁን 2018 በ172 ገጽ ፍርድ ያለ አንዳች ቅድመ ሁኔታ ለቀቁት። (ነገሩን አስቂኝ የሚያደርገው ኤቲኤንድቲ ራሱ ንግዱ ሳይጥመው ቀርቶ በ2022 ከዲስከቨሪ ጋር አዋሕዶ መውጣቱ ነው። በ2025 የተጫረቱበት ዋርነር ያው ነው።)

ፖለቲካው በሌላም በኩል ይገባል። ፓራማውንት ራሱ በ2025 ስካይዳንስ ከሚባል የፊልም ኩባንያ ጋር ሲዋሐድ ሲቢኤስ ስላለው የሞገድ ፈቃድ ማዛወር ነበረበት። ፈቃዱን እየጠበቀ ሳለ ትራምፕ በሲቢኤስ ዜና ፕሮግራም ላይ ያቀረበውን የግል ክስ 16 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ዘጋ። ከሳምንታት በኋላ ኮሚሽኑ 2 ለ 1 ፈቀደ። ኩባንያው ሁለቱ አይገናኙም ብሏል። እኔ ፈራጅ አይደለሁም። ግን ሰው «መንግሥት ያስቁመው» ብሎ ሲጮህ፣ ማስቆም የሚችል እጅ መጠምዘዝም እንደሚችል ባይረሳ ጥሩ ነው።

የሠራውን ክስ ካላችሁ ደግሞ መጻሕፍት አሳታሚዎቹን ተመልከቱ። ፔንጉዊን ራንደም ሃውስ ሳይመን ኤንድ ሹስተርን በ2.175 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ ነበር። መንግሥት ስለ አንባቢው ዋጋ አልተከራከረም። «ደራሲው ድርሰቱን የሚሸጥለት ተጫራች ያንሳል» አለ። ስሙ በዓለም የታወቀ የልብ ወለድ ደራሲ ሳይቀር ችሎት ቀርቦ መሰከረ። ዳኛ ፍሎረንስ ፓን በኦክቶበር 2022 አገዱት። ወፍጮ ቤት ብቻ አይደለም የሚጎዳን ማለት ነው፤ እህል ገዢው ነጋዴ አንድ ብቻ ሲሆን ገበሬውም ያለቅሳል።

የክልል መንግሥታትም የራሳቸው በር አላቸው። በአሜሪካ የየስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ዋሽንግተን ዝም ብትልም በራሱ መክሰስ ይችላል። በ43 ስቴቶች ደግሞ ይህን ሰው ሕዝቡ በቀጥታ ይመርጠዋል። የመራጭ ጉልበት ከሴናተሩ ይልቅ እዚህ ይቀርባል ብዬ አስባለሁ። ሁልጊዜ ግን አይሳካም። ቲሞባይልና ስፕሪንት የሚባሉት የስልክ ኩባንያዎች ሲዋሐዱ ስቴቶቹ ተባብረው ከሰሱ፤ በ2020 ተረቱ።

አብዛኛው ጉዳይ ግን በእርቅ ነው የሚያልቀው። መንግሥትና ኩባንያው ይስማማሉ፦ ይህን ቻናል ሽጥ፣ ለዚያ ተፎካካሪ አትከልክል። የኛ አበጋሮች ሲያስታርቁ እርቁን ጓዳ ውስጥ አይጨርሱትም። አገር በተሰበሰበበት ይነገራል። በዳይም ተበዳይም ይሰማል፤ ቅር ያለውም ይናገራል። አሜሪካኖችም ከ1974 ጀምሮ ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። የፍትሕ ሚኒስቴሩ የውድድር ክስ በእርቅ ሲዘጋ፣ ስምምነቱ ታትሞ ሕዝብ 60 ቀን አስተያየት ይሰጥበታል። ከዚያ ዳኛው ለሕዝብ ይበጃል ብሎ ሲያምን ያጸድቀዋል። ችግሩ እርቁ ቀን አለው። ኮምካስት የሚባለው የኬብል ኩባንያ በ2011 ኤንቢሲ የሚባለውን የቴሌቪዥን ድርጅት ሲይዝ የተጣለበት ግዴታ ከሰባት ዓመት በኋላ ጊዜው አልፎ ተነሣ። ኩባንያው ግን እንደተዋሐደ አለ።

ጊዜ ለምን ይገድላል?

ለገዢ ኩባንያ ጊዜ ገንዘብ ነው። ባንኩ ያበደረው ወለድ ይቆጥራል። ውሉ «እስከዚህ ቀን ካላለቀ ይፈርሳል» የሚል ቀን አለው። የሚገዛው ኩባንያ ሠራተኛ ነገ ምን እንደሚሆን ስለማያውቅ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። ውሉ ከፈረሰ ደግሞ ቅጣት አለ። ኤቲኤንድቲ በ2011 ቲሞባይልን መግዛት ሲያቅተው 3 ቢሊዮን ዶላር ጥሬ ገንዘብ፣ በላዩም የሞገድ ፈቃድ ከፍሏል። ኮምካስት ታይም ዋርነር ኬብልን በ45 ቢሊዮን ሊገዛ 14 ወር ያህል ከታገለ በኋላ በኤፕሪል 2015 ማንም ሳይፈርድበት ተወው።

ስለዚህ ሴናተር ሲያፋጥጥ፣ ሺህ ሰው አስተያየት ሲጽፍ፣ ስቴት ሲከስ፣ አንዱም ብቻውን ባያስቆም እንኳ ቀኑ ይገፋል።

ወደ ቤታችን እንምጣ። እኛም ሕጉ አለን። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለመዋሐድ ያሰበ ነጋዴ አስቀድሞ እንዲያሳውቅ ያዛል። መርማሪው አካል ውሕደቱ በውድድር ላይ ጉልህ ጉዳት የሚያደርስ ከሆነ መከልከል ይችላል። በጋዜጣ ማስታወቂያ አውጥቶ ተቃውሞ ያለው እንዲያቀርብ መጋበዝም ይችላል። ይህን ይሠራ የነበረው ባለሥልጣን በ2014 ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ሄዷል። ሚዲያው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 የሚተዳደር ነው። ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ሲሆን ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የሚዲያ ውሕደት እኛም አይተናል፤ ፋናና ዋልታ ተዋሕደው ፋና ሚዲያ ኮርፖሬሽን ሆነዋል። ያን ሰሞን ቡና ላይ የተወራው ስለ አዲሱ አርማ ነበር። ስለ ውድድር ሲነሣ እኔ አልሰማሁም፤ እኔም አላነሣሁም።

በረካው ሲቀዳ እማማ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «ታዲያ የኛን ወፍጮ ነገር የት ነው የሚባለው?» አሉ።

«ንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክተው መጠየቅ ይችላሉ። ግን ‹ዋጋ ይጨምርብናል› ብቻ ቢሉ ‹በምን ታወቀ?› ይሏችኋል» አልኳቸው።

«በምን ታወቀ?» አሉ እማማ ጀበናውን አስቀምጠው። «የታቹ ሞተር ተቃጥሎ ሦስት ሳምንት የቆመ ጊዜስ? መውሊድ ሊደርስ ሲል። የላዩ በማግሥቱ በኪሎ አንድ ብር ጨመረ። የታቹ ተጠግኖ ሲነሣ ሰው ሁሉ ወደዚያ ሄደበት። ሳምንት ሳይሞላ ብሩን መለሰው። ለጎረቤት ሁሉ የማስፈጨው እኔ አይደለሁም እንዴ? በየቀኑ የከፈልኩትን አውቀዋለሁ።»

የእህቴ ልጅ ስልኩን አስቀመጠ። ከቦርሳው ደብተር አወጣና፣ «እማማ፣ ሞተሩ የተቃጠለው ስንት ቀን ለመውሊድ ሲቀረው ነው?» አለ።